የተቃውሞው ወንበር

የተቋሙ ስም ከመርዘሙ የተነሳ ስልክ ተቀባይዋ ጠርታ እስክትጨርሰው ድረስ ደዋዩ የደወለበትን ጉዳይ ይረሳዋል። ከዚያ ሁሉ ቃል መሀል አንዱ «ነጻ» የሚል ነው። እሱን ያስገባችው እሷ ናት። ያኔ ባለቤቷ ገና ባለቤቷ አልነበረም፤ ከአባቷ የልብስ ስፌት ቤት በላይ ካሉት ሁለት ክፍሎች በአንደኛው ተቀምጦ እርሳስ የሚያኝክ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ጎረምሳ ነበር። «ነጻ የሚል ይግባበት እንጂ» ስትል ቀና ብሎ አያትና እርሳሱ ከአፉ ወደቀ። ፍቅራቸው የጀመረው እዚያች ላይ ነው ትላለች። እሱ ደግሞ የለም ከዚያ በፊት ነው ይላል። ስንት ዓመት ተከራክረውበት እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ክፍሎቹን የሰጣቸው አባቷ ነው። ዘመኑ ሦስት ሰው በር ዘግቶ ከተቀመጠ የሚጠረጠርበት ዘመን ነበር። አባቷ ግን «ልጆቹ ያንብቡበት፣ ማንበብ ማንን ገደለ» ብሎ ፎቁን ለቀቀላቸው። ኪራዩ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁት አንባረቀባቸው። እሱ ከታች የስፌት መኪናውን ይዞ ይቀመጣል፤ የማያውቀው ሰው በመንገዱ ላይ ሲያንዣብብ ካየ፣ የሚሰፋ ጨርቅ ኖረም አልኖረም መኪናውን ይረግጠዋል። ላይ ያሉት ጩኸቱ ሲበረታ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ሥራ በሌለበት ቀን ባዶ መኪና ሲረግጥ ውሎ እግሩ አብጦ ቤት የገባበት ጊዜ ነበር። ይህ በተቋሙ ታሪክ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ለእንግዳ የሚታደለው መጽሔት «ተቋሙ በጥቂት ምሁራን ተነሳሽነት ተመሠረተ» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ወንበሩም የመጣው ከዚያው ቤት ነው። መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ እሷ፣ ባለቤቷ፣ ቀጮ እና ሽማግሌው። ሽማግሌው ገና በወጣትነቱ ነው ሽማግሌ የተባለው፤ ሌላው ሲንጫጫ እሱ ረጋ ስለሚል። ቀጮ ደግሞ ያኔ እውነትም ቀጭን ነበር። ዛሬ ሚኒስትር ሆኖ ከተቀመጠበት ሞልቶ ይተርፋል፣ የድሮ ጓደኞቹ ግን ከጀርባው አሁንም ቀጮ ነው የሚሉት። አራቱ በጣም ይዋደዱ ስለነበር በሁሉም ነገር ይስማሙ ጀመር። «እንዲህ ከቀጠልን የምናወጣው ጥናት ሳይሆን ጸሎት ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው አሜን ይላል» አለ ቀጮ። እናም አንድ ሕግ አወጡ።

ማንኛውም ጥናት ከመታተሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ በንባቡ ላይ አንድ ሰው ተነጥሎ ወንበሩ ላይ ለብቻው ይቀመጥና ይቃወማል። ቢያምንበትም ይቃወማል፣ ራሱ የጻፈው ቢሆንም ይቃወማል። ተቃዋሚ ያልተቀመጠበት ጥናት ከቤቱ አይወጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንበሩ ላይ የተባለ ነገር እዚያው ወንበሩ ላይ ይቀራል፤ ማንም ሰው ከተነሳ በኋላ «እንዲህ ብለህ አልነበር ወይ» ተብሎ አይያዝበትም። ሲጨርስ ይጨበጨብለታል፣ በቃ።

በክፉው ጊዜ ይህ ሕግ ጥላ ሆኗቸው ነበር። በሆዳቸው የያዙትን ሁሉ ወንበሩ ላይ ወጥተው ይዘረግፉታል፤ ሲነሱ ደግሞ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተራዬ ሆኖ ነው» ይላሉ። አንዴ ሽማግሌው ተይዞ «መንግሥትን ሰድበሃል» ቢባል «ኧረ እኔ አይደለሁም ጌታዬ፣ ወንበሩ ነው» ብሎ መርማሪውን አስቆ ወጣ እየተባለ ይወራል። ሽማግሌው ይህን ወሬ ሲሰማ ሻዩን ፉት ይላል እንጂ እውነት ነው ወይም ውሸት ነው ብሎ አያውቅም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠና የፎቁ ልጆች ጊዜ መጣ። ቀጮ አዲሱን ፓርቲ ከፊተኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ተቋሙ ከአባቷ ቤት ወጥቶ ዙሪያውን በመስታወት ወደተሸፈነ ሕንጻ ገባ። ባለቤቷ ዳይሬክተር ሆነ፣ እሷ የከተማ ጉዳዮችን ጥናት ያዘች። መጀመሪያ ላይ ደስታ ነበር፣ ምን ይደበቃል። የጻፉት ነገር ሳይውል ሳያድር መመሪያ ሆኖ ሲወጣ እንደ ሕጻን ይቦርቁ ነበር። ቀጥሎ ቀጮ አንዳንድ ርዕስ በስልክ መላክ ጀመረ። ውሎ አድሮ ከርዕሱ ጋር «ምን ቢባል ይሻላል» የሚለውንም ጨመረበት። በመጨረሻ ርዕሱን እናንተው ፈልጉለት ብሎ ድምዳሜውን ብቻ ይልክ ጀመር። በሻይ ክፍሉ አጥኚዎቹ «መልሱ ደርሷል፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ነው» እየተባባሉ ይስቃሉ። እሷም አብራ ስቃለች። አሁን ትዝ ሲላት ያ ሳቅ ያንገበግባታል።

ባለቤቷ ክፉ ሰው ቢሆን ምንኛ በቀለላት ነበር። ክፉ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ሲታመም ስብሰባ አቋርጦ፣ ራሱ መኪና እየነዳ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው ነው። አባቷ በበሩ ሲገባ ዛሬም ከመቀመጫው ብድግ ይላል። «ውስጥ ሆነን እናለሳልሰዋለን» የሚላት ነገር አለው። እውነትም ያለሳልሳል። «ይፈርሳል» የተባለውን «ደረጃ በደረጃ ይነሳል» ያደርገዋል፤ «ይባረራሉ» የተባለውን «ወደ ተሻለ ሥፍራ ይዛወራሉ» ያደርገዋል። ቃሉ ይለሰልሳል፣ ግድግዳው ግን ያው ይፈርሳል።

የሰፊዎቹ መንገድ ጉዳይም የመጣው በስልክ ነው። መንገዱ መሀል ከተማ ያለ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን ሰፊዎች፣ ክርና አዝራር ሻጮች፣ ልብስ ተኳሾች ሞልተውታል። አባቷ ዕድሜውን የፈጀው እዚያ ነው። ቀጮ የላከው ድምዳሜ ደግሞ መንገዱ ተነስቶ የንግድ ማዕከል ይሠራበት፣ ነዋሪዎቹም በከተማው ዳር ዳር ባሉ ቦታዎች ቤት ይሰጣቸው የሚል ነበር። ጉዳዩ የእሷ ክፍል ሆኖ ሳለ ጥናቱ ለሌላ ክፍል ተሰጠ። ባለቤቷን ስትጠይቀው «አንቺን ላለማስጨነቅ ነው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ወሬው ጥናቱ ሳያልቅ መንገዱ ላይ ደረሰ። የአባቷ ጎረቤት፣ ባለአዝራሯ የሚሏት ሴት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በአዝራር ችርቻሮ ያሳደገች ናት። ሰዉን ሁሉ ሰበሰበችና «ዝም ብለን ቤታችን እስኪፈርስ ልንጠብቅ ነው? ሆ ብለን ማዘጋጃ ቤት እንሂድ» አለች። ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ፣ ተኳሹ ካውያውን ነቅሎ፣ ሁሉም ተነስቶ ነበር። የመለሳቸው አባቷ ነው።

«የት ነው የምትሄዱት?» አላቸው። «ነገሩ የሚጠናው እዚሁ ቤቴ ውስጥ በተወለደ መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ? አማቼ አለቃው ነው። ልጄ እዛ አለች። ሆ ብላችሁ ብትወጡ ነገሩን ታበላሹባታላችሁ።»

«እውነት ትናገርልናለች ጋሼ?» አለች ባለአዝራሯ።

«የእኔ ልጅ? እንኳን ለሰፈሯ፣ ለማያገባትም ትናገራለች!»

ሰዉ በአባቷ ቃል ተማምኖ ተበተነ። አባቷ ይህን ሲያጫውታት ፊቱ በርቶ ነበር። «እኔ እያለሁ ምን አሯሯጣችሁ ብዬ መለስኳቸው» አለ፣ እየሳቀ።  እሷም «እናገራለሁ አባዬ» አለችው። ሌላ ምን ትበለው?

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቷ ቢሮ ገባች። በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ማውራት ካቆሙ ሰንበትበት ብለዋል፤ ራት ላይ ስለ ውኃ መቋረጥና ስለ ጎረቤት ውሻ ብቻ ነው የሚያወሩት።

«የሰፊዎቹ ጥናት ሲነበብ ወንበሩን ለእኔ ስጠኝ» አለችው።

ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። «ተራሽ አይደለም እኮ።»

«የማን ነው ተራው?»

«የሽማግሌው ነበር። ወገቤን አመመኝ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው መስክ ሄዷል። ሌላው እህቴን ልድር ነው ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሌላኛዋ ደግሞ ጥርሷን…» አለና ተወው።

«እና ማን ሊቀመጥ ነው?»

«እሱን ነው እያሰብኩ ያለሁት። ቀጮ ደግሞ ነጋ ጠባ ይደውላል፣ በዚህ ሳምንት ካልወጣ ብሎ ድርቅ ብሏል።» ቀና ብሎ አያት። «እርግጠኛ ነሽ? የአባትሽ ነገር ነው፣ ይከብድሻል።»

«የአባቴ ነገር ስለሆነ ነው የምጠይቅህ።»

«እሺ» አለ። ከጀርባው ሸክም እንዳወረዱለት ሰው ትንፋሹን ለቀቀ። እሷ ግን ያሸነፈችው መሰላትና ደስ እያላት ወጣች።

ሽማግሌውን በኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ወገቡን አመመው የተባለው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«ወገብህን አልነበር ወይ ያመመህ?»

«ያመኛል እንጂ» አለ። ግራና ቀኙን አየ። «ወንበሩ ላይ አንቺ ልትቀመጪ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አንቺም ብትታመሚ ደስ ይለኝ ነበር።»

ደሟ ፈላ። «እኔ እንዳንተ አልፈራም» አለችው። ሽማግሌው ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ የባለቤቷ ጸሐፊ ፋይል ታቅፋ ስትመጣ ሲያይ ግን መልሶ ዘጋውና «እግዜር ያበርታሽ» ብሎ አለፋት።

የንባቡ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቀጮም መጣ። ሚኒስትር ከሆነ ወዲህ ንባብ ላይ ብቅ ብሎ አያውቅም። እንደ ድሮው ጉንጯን ስሞ «እህቴ፣ ዛሬ እንዳትምሪን!» አላት፤ ሽቶው ፊቷ ላይ ቀረ። ጥናቱን የጻፈው አጥኚ ተነስቶ አነበበ። መንገዱ የተጨናነቀ ነው አለ፤ ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ አይበቃም፣ ጣሪያው ያፈሳል አለ። አንዱም ቃል ውሸት አይደለም። ከቃላቱ ተሰፍቶ የወጣው ነገር ግን ሁለመናው ውሸት ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ያዘጋጀችውን ወረቀት ገልብጣ አስቀመጠችው።

«አንድ ኮት እዚያ መንገድ ላይ አራት ቤት ይገባል» አለች። «አባቴ ይቆርጠዋል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ይሰፋዋል። ባለአዝራሯ አዝራሩን ትመርጥለታለች። ፊት ለፊት ያለው ተኳሽ ይተኩሰዋል። እናንተ አንዱን በከተማው ምሥራቅ፣ አንዱን በምዕራብ ልታሰፍሩ ነው። ለእያንዳንዳቸው ቤት ትሰጣላችሁ፣ እሺ። ኮቱን ግን ማን ይጨርሰዋል?»

እስከዚህ ድረስ ነገሩ እንደ ደንቡ ነበር። አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል፤ አንዱ «በርቺ» የሚል ፊት ያሳያታል። ከዚያ ወደ ቀጮ ዞረች።

«ይህ መሥሪያ ቤት የተወለደው እዚያ ነው። ቀጮ!» አለች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሚኒስትሩን ቀጮ ስትለው የአጃቢው ዓይን ፈጠጠ። «የሚፈልጉህ ጊዜ አባቴ ጨርቅ ክምር ውስጥ ደብቆህ፣ ላይህ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰፋ አልዋለም? ያንን ቤት እኮ ነው የምታፈርሰው። እኔ ይህን ተራዬ ስለሆነ አይደለም የምናገረው። ወንበሩን እርሱት። ከሆዴ ነው። እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት።»

እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር፣ አልጠረገችውም። የሚጽፉት መጻፋቸውን አቆሙ። ቀጮ ፈገግታው ከፊቱ ጠፍቶ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዘንበል ሲል አየችው። ሽማግሌው ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ለአፍታ ያህል፣ ለአንዲት አፍታ፣ የሰሟት መሰላት።

ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ። ባለቤቷ ነው። ብድግ ብሎ፣ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቶ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ያጨበጭባል። አጠገቡ ያሉት ተከተሉት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ቀጮ በመጨረሻ ተነሳ። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ስቆ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና «ከሆዴ ነው አለች እኮ! ወንበሩን እርሱት አለች እኮ! በዚህ ቤት ታሪክ እንዲህ አድርጎ የተቃወመ የለም፤ እኔን ራሴን አስለቀሰችኝ» አለ። ሰዉ እየመጣ እጇን ጨበጣት። «እንዴት አድርገሽ ነው ያለቀስሽው?» አለቻት አንዲት አጥኚ፣ በአድናቆት። ጥናቱም ብርቱ ተቃውሞ ተካሂዶበት አለፈ ተብሎ ተመዘገበ።

ወደ ቤት ሲሄዱ መኪናውን የነዳው ባለቤቷ ነው። መብራት ይዟቸው ሲቆሙ ነው የተናገረችው።

«እውነቴን ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

ወደ እሱ ዞረች። አላወቀም ብላ ብታዝን ኖሮ ሐዘኑ ልክ ነበረው። «እያወቅክ ነው ያጨበጨብከው?»

«ምን ላድርግ? ፊቱን አላየሽውም? ከወንበሩ ያልሆነ ነገር ተናገርሽ እኮ። ባላጨበጭብ ኖሮ እውነትሽን እንደሆነ ይገባው ነበር፤ ነገ አንቺም እኔም ከዚያ ቤት እንወጣ ነበር። አንቺን ነው ያዳንኩት።»

«እኔን ማን አድን አለህ?»

 እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ እሷ ዘረጋ፣ መልሶ መሪው ላይ አኖረው። ይህንን እጅ ትወደው ነበር፤ አሁንም ትወደዋለች፣ ያ ነው የከፋው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋባቸው።

በማግስቱ ቢሮ ስትገባ ቀጥታ ሽማግሌው ጋ ሄደች። ሊያነሳው የነበረውን ስኒ መልሶ አስቀመጠው።

«የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ልትነግረኝ የነበረውን ንገረኝ።»

«ምን ያደርግልሻል አሁን?»

«ንገረኝ።»

በሩን ዘጋ። «ማንም አልታመመም» አለ። «እህቱን የሚድርም የለም። ተነጋግረን ነው። ተቃዋሚ ያልተቀመጠበት ጥናት አይወጣም ይላል ሕጋችን፤ እንቃወም ብንል እንደምታይው ተጨብጭቦ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወንበሩን ባዶ እንተወው አልን። ሌላ የቀረን ነገር አልነበረም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ያስቆመው ነበር?»

«እኔ እንጃ። ለጊዜው ያቆየው ነበር። እስከዚያ የመንደሩ ሰው ይነሳ ነበር፣ ጋዜጣ ይጽፍ ነበር… እኔ እንጃ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች፤ ጩኸቷን ራሷም አላወቀችውም። «የአባቴ ቤት እኮ ነው! ከሁላችሁ በፊት ለእኔ አይነገርም?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነትም ያረጀ መሰለ። «የዳይሬክተሩ ሚስት ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ፈራን። ይቅር በይን።»

የዚያን ቀን ቤት ገብታ ባለቤቷን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ወንበሩን ስጠኝ ስልህ፣ ሌሎቹ ለምን እንደቀሩ ታውቅ ነበር?» ሲናገር እጁ የማያርፈው ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አለሳልሶ የሚነግራት ቃል ሲፈልግ ቆየ፣ አጣ። እሷም ልብሷን በሻንጣ ሞልታ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አባቷ ምን ሆነሽ አላላትም፤ ላይኛውን ክፍል ጠርጎ አነጠፈላት።

ብዙም ሳይቆይ ቀጮ በቴሌቪዥን ቀረበ። ውሳኔው ሳይንሳዊ ጥናትን የተከተለ መሆኑን፣ ጥናቱንም ነጻ ተቋም እንዳካሄደው ተናገረ። «የዚያው መንደር ልጅ የሆነች ምሁር ጭምር ሙሉ ተሳትፎ አድርጋበታለች» አለ። ተቃወመች አላለም። ደንቡ ነውና ወንበሩ ላይ የተባለ ነገር እዚያው ቀርቷል። በማግስቱ ስትወጣ ተኳሹ ሰላምታዋን ሳይመልስ ፊቱን አዞረ። ባለአዝራሯ ስታያት የሱቋን መጋረጃ ጣል አደረገች።

የሚነሱበት ቀን ደረሰ። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ ዕቃውን ሲያወርድ፣ መልሶ ሲሰቅል፣ እንደገና ሲያወርድ አረፈደ። ልኬት የተጻፈባቸውን የወረቀት ንድፎች ጠቀለለ፤ የማን እንደሆኑ እየተናገረ፣ ግማሾቹ ሰዎች ሞተዋል። እሷ ክሮቹን በካርቶን ትከታለች። ከውጭ የጭነት መኪና ሞተር ይጮሃል።

«ልጄ» አለ ድንገት። ጀርባውን እንደሰጣት ነው። «ተናግረሽ ነበር?»

እስከዚያ ቀን አልጠየቃትም ነበር። ይጠይቀኛል ብላ ስትፈራ፣ ሳይጠይቃት ሲቀር ደግሞ ስትቃጠል ነው የሰነበተችው።

«ተናግሬያለሁ አባዬ።»

«ሰሙሽ?»

«ሰሙኝ።»

«እና ምን አሉ?»

ውሸት ፈለገች፣ አልመጣላትም። «አጨበጨቡልኝ» አለች።

አባቷ ዞረ። የቀለደች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። የሕጻን ልጁን እንባ የለመደ አባት ነበር፤ ይህን ግን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ትልቅ ሰው ሆና፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ክር በተሞላ ካርቶን ላይ አቀርቅራ ስታለቅስ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ጀርባዋን ይደባብሳት ጀመር።

«በቃ፣ በቃ የኔ እናት» አለ። «አንቺ የተቻለሽን አድርገሻል። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ሊሄዱ ሲሉ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ልጄ እዛ አለች ያልኩት እኔ ነኝ።» ወደ በሩ አየ። «ይህን ነገር ግን ለሰዎቹ እንዳትነግሪያቸው።»

«ለምን? እንዳልካድኳቸው ይወቁ እንጂ።»

«ተናገረች፣ አለቀሰች፣ ሰምተው አጨበጨቡላት ብዬ ለማን ላውራ? ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ አንቺ ባትሆኚ አላምንም ነበር።»

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ባለአዝራሯ ናት። የሱቋን ቁልፍ በእጇ ይዛለች፤ የሚቆለፍ ነገር የላትም፣ ለምዶባት ነው። እሷን አላየቻትም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ ልልዎት ነው» አለች። ልትሄድ ስትል ግን ተመለሰች። «ልጄ እዛ አለች ብለውን አልነበር? እኛ እኮ እርስዎን አምነን ነው የተመለስነው።»

አባቷ ተነሳ። ዕድሜውን ሙሉ ኮት ለነገ ይደርሳል ብሎ እንኳ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። የስፌት መኪናውን በአንድ እጁ ደገፍ አለ።

«አላስገቧትም» አለ። «በር ላይ መለሷት። ስሟን ብቻ ነው የጠሩባት። ብታይ፣ ስንት ለመነቻቸው መሰለሽ፤ አላስገቧትም።»

የባለአዝራሯ ፊት ቀስ እያለ ተፈታ። ቁልፉን ጥላ መጣችና ሁለት እጇን አንገቷ ላይ ጠምጥማ አቀፈቻት። «ውይ የኔ እህት! እኔን አፈር ያድርገኝ፣ እንዴት ክፉ አሰብኩብሽ» አለች እያለቀሰች። «እኔማ ውስጤ ያውቅ ነበር። ቢያስገቡሽማ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ስትናገሪ ቢሰሙሽማ ኖሮ፣ ይተዉልን ነበር። አይደል?»

ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ የአባቷ ዓይን እሷን ያያል፣ ይለምናታል።

«አዎ» አለች። «ይተዉልን ነበር።»